ከደጃፍ ወደ ማዕድ



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ትዳር ሰላምና ስለ ቤት አያያዝ ስንወያይ ቆይተናል። ዛሬ ግን ወደ ቤቱ ከመግባታችን በፊት በደጃፉ ላይ ጥቂት እንድንቆም እለምናችኋለሁ። የምነግራችሁ ነገር ሲያዩት እጅግ ትንሽ ነው፤ አንድ ስንዝር እንኳ የማትሞላ የድንጋይ ደረጃ ናት። ይሁን እንጂ ይህች ደረጃ ሰውን ከሰው ለይታ ስታስቀር በዓይኔ ስላየሁ ዝም ብዬ ላልፋት አልቻልሁም።

መኖሪያዬ በአዲስ አበባ ከተማ በሰንጋ ተራ ነው። ስሙ እንደሚያስረዳን ስፍራው ቀድሞ ሰንጋ የሚሸጥበት ተራ ነበረ፤ ዛሬ ግን በሰንጋው ፈንታ ባንኮችና የመድን ኩባንያዎች ሕንፃቸውን እያስረዘሙ የሚፎካከሩበት ሰፈር ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ዕጣቸው በ2009 ዓ.ም. የወጣው የ40/60 መኖሪያ ቤቶችም በዚሁ ሰፈር ቆመዋል። ዓይኑን ወደ ላይ አንሥቶ የሚሄድ መንገደኛ በሰው ልጅ ጥበብ ይደነቃል። ዓይኑን ዝቅ አድርጎ የሚሄድ ግን ሌላ ነገር ያያል፤ ክዳኑ የተነሣ ቦይ፣ በእግረኛ መንገድ መካከል የቆመ ምሰሶ፣ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የተደረደረ ደረጃ።

ከቤታችን ጥቂት እልፍ ብሎ ዳቦና ሸቀጣ ሸቀጥ የሚሸጥባት አንዲት ሱቅ አለች። በደጃፏም ከፍታዋ 15 ሳንቲ ሜትር የምትሆን አንዲት ደረጃ ነበረች። ከጎረቤቶቼ አንዱ፣ እኔም ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው ሰው፣ በወጣትነታቸው በሥራ ላይ በደረሰባቸው አደጋ እግሮቻቸው ስለ ተጎዱ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ወደዚያች ሱቅ በመጡ ጊዜ ከውጭ ሆነው ይጣራሉ፤ ባለ ሱቁም መልካም ሰው ነውና ሌላውን ደንበኛ ትቶ ፈጥኖ ይወጣል፤ ዳቦውን በከረጢት አድርጎ ያቀብላቸዋል፤ መልሱንም ቈጥሮ በእጃቸው ያስቀምጣል። አንድ ቅዳሜ ጧት ይህን አይቼ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ የሚያከብርዎ ሰው በማግኘትዎ ዕድለኛ ነዎት» አልኋቸው።

እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «መምህር፣ ሰውየው ደግ ነው፤ አላማውም። ግን ይኸው ዐሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ዳቦዬን የሚመርጥልኝ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን እንኳ ገብቼ፣ ‹ይኼን ሳይሆን ያንን ስጠኝ› ብዬ አላውቅም» ሲሉ መለሱልኝ።

ይህ ቃል ከልቤ ገባ። የገባበትም ምክንያት ቀድሞ የሠራሁትን አንድ ስሕተት ስላስታወሰኝ ነው፤ እርሱንም ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአምስተኛ ክፍል መምህር ሳለሁ፣ እግሮቹ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የማይታዘዙለት አንድ ተማሪ ወደ ክፍሌ ተመደበ። ክፍላችን በፎቅ ላይ ነበረ፤ ከመሬት እስከ ክፍሉ 22 ደረጃዎች ነበሩ። እኔም ማንንም ሳላማክር በአንድ ቀን ወሰንሁ፤ ከተማሪዎቹ መካከል ጠንከር ያሉትን አራት መርጬ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየተራ ጧት እንዲያወጡት፣ ማታ እንዲያወርዱት አደረግሁ። ልጆቹም ያለ ማጉረምረም ተሸከሙት። እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ አንድ ሰኞ ጧት ተማሪው ሁሉ በሰልፍ ቆሞ ሳለ አራቱን ልጆች ወደ ፊት ጠርቼ፣ ወንድማቸውን ስለ ተሸከሙ በይፋ አመሰገንኋቸው፤ ተማሪውም አጨበጨበ። ያ ልጅ ግን በሰልፉ ጫፍ በወንበሩ ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔም አየሁት፤ ነገር ግን ትሕትና መሰለኝ።

ሁለተኛው መንፈቅ ከተጀመረ በኋላ ልጁ ከትምህርት ቀረ። ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ልጠይቀው ወደ ቤቱ ሄድሁ። እናቱ ቡና ካቀረቡልኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ ልጄ ታሞብኝ ነው። ሐኪሙ ‹ውኃ አይጠጣም ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በምን ዐውቄ! ለካስ ከቤት ከወጣ ጀምሮ እስኪመለስ ድረስ አንዲት ጠብታ አይቀምስም» አሉኝ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ወደ ልጁ ተመለከቱ፤ እርሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እናቱም፣ «ሽንት ቤቱ ከታች ነው። ውኃ ከጠጣ መሄድ ሊኖርበት ነው፤ ለመሄድ ደግሞ ሁለት ጓደኞቹን ከትምህርታቸው ማስነሣት ሊኖርበት ነው። ያን ከማደርግ ብሎ ነው» አሉ።

በማግሥቱ ነገሩን ለርእሰ መምህሩ አስረዳሁ። በታችኛው ወለል የነበረውን የሦስተኛ ክፍል ወደ ላይ አወጣን፤ የእኛንም ክፍል ወደ ታች አወረድን። ዴስኩንና ጠረጴዛውን ለማዛወር የፈጀብን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። በሽንት ቤቱ ደጃፍ የነበረውንም ደረጃ አንድ ግንበኛ በሁለት ቀን ሥራ ወደ ተዳፋት ለወጠው። ልጁም ድኖ ተመለሰ፤ ውኃውን ጠጣ፤ ዓመቱንም ጨረሰ። እኔ ግን ይህን ያህል ቀላል ነገር ሳላስበው ለምን እንደ ቈየሁ ራሴን ስጠይቅ፣ ያገኘሁት መልስ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ልጁን ሲሸከሙት እኔ እመሰገን ነበር፤ ክፍሉ ሲዛወር ግን የሚያጨበጭብ አልነበረም።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ልነግራችሁ የምሻው ይህንኑ ነው። ምጽዋት መስጠት አንድ ነገር ነው፤ መንገድ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ምጽዋት በዚያች ቀን ተቀባዩን ይጠቅማል፤ ሰጪውንም ደስ ያሰኘዋል፤ በማግሥቱ ግን ሁለቱም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ አንዱ ከውስጥ፣ ሌላው ከደጅ። መንገድ የተሰጠው ሰው ግን ነገም ከነገ ወዲያም ማንንም ሳይለምን ይገባል፤ ይወጣል። እኛ በምጽዋት የምንታማ ሕዝብ አይደለንም። በዓል በዋለ ቍጥር በየደጀ ሰላሙ እንሰጣለን፤ ዝክርም ስናወጣ ድርሻቸውን አንረሳም። ነገር ግን «ይህ ሰው ስለ ምን ሁልጊዜ ከደጅ ሆነ? ሊገባ ቢፈልግስ መግቢያው በየት ነው?» ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከዐቢይ ጾም እሑዶች አራተኛው መጻጕዕ ይባላል፤ በዚያ ቀን የሚነበበው ወንጌል 38 ዓመት ሙሉ በደዌ ስለ ተያዘው ሰው ይናገራል። መዳኛው ውኃ በአጠገቡ ነበረ፤ አምስት መመላለሻ ያለው ሕንፃም ተሠርቶ ነበር። ሰውየው ለጌታ ያሰማው ኀዘን ግን ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ስለ ማጣቱ ነበር። ሕንፃው ሞልቶ መንገዱ ጐደለ። በቅፍርናሆምም ሽባውን ተሸክመው የመጡት አራቱ ሰዎች በሩ በሕዝብ ተጨናንቆ ባገኙት ጊዜ በሽተኛውን ከደጅ አላስቀሩትም፤ ጣራውን ከፍተው አስገቡት እንጂ። ንጉሥ ዳዊትም የወዳጁን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ባገኘው ጊዜ፣ ሁለት እግሮቹ የሰለሉ ስለ ነበሩ ስንቅ ሰጥቶ ሊያሰናብተው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከገዛ ገበታው አስቀመጠው፤ ሜምፊቦስቴም ዘወትር ከንጉሡ ማዕድ ይበላ ነበር። እንግዲህ ከደጃፍ ወደ ማዕድ ማለት ይህ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ከጥንት ጀምሮ ድጋፍን የምታውቅ ናት። በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆሙት ሊቃውንት መቋሚያ ተሰጥቷቸዋል። መቋሚያውን የተደገፈውን መሪጌታ «ደካማ ነው» ብሎ የናቀው ማን ነው? እንዲያውም መቋሚያው ክብሩ ሆኗል። እንዲሁም የዓይነ ሥውሩ በትር፣ የአንካሳው ምርኵዝ፣ የጎረቤቴም ተሽከርካሪ ወንበር መቋሚያ ናቸው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል በብዙዎቻችን ቤት አለ፤ በጸሎት ብዙ ከመቆማቸው የተነሣ አንዲቱ እግራቸው ተሰብራ በአንድ እግር ቆመው ይታያሉ፤ ጥር 24 ቀንም ስባረ ዐፅማቸውን እናከብራለን። በአንድ እግር የቆሙትን ጻድቅ ሥዕል በግድግዳችን ላይ እየተሳለምን፣ አንድ እግር ያለውን ጎረቤታችንን በደረጃ ማስቀረት እንዴት ይስማማል?

ስለ ትምህርትም ብንመለከት፣ በአራተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዲሞስ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ዓይኑ ጠፋ፤ ነገር ግን በእንጨት ላይ የተቀረጸ ፊደል በጣቱ እየዳሰሰ ተማረ፤ እጅግ ከመራቀቁም የተነሣ ቅዱስ አትናቴዎስ የእስክንድርያን ትምህርት ቤት በአደራ ሰጠው። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በነጥብ የሚዳሰሰውን ጽሕፈት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. ያሳተመው ከዚያ ከ1400 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በእኛም አገር ዜማውና ቅኔው በጆሮ የሚሰማ፣ በቃል የሚጠና ስለ ሆነ፣ የአብነት ትምህርት ቤት ለዓይነ ሥውር ተማሪ በሩ ክፍት ነበረ፤ ከዚያም ወጥተው በመምህርነት ወንበር የተቀመጡ ዓይነ ሥውራን ነበሩ። ይህ የሆነው ስለ ታዘነላቸው ብቻ አይደለም፤ የትምህርቱ መንገድ የሚያስገባቸው ስለ ሆነ ነው።

ሌላ ደግሞ በልባችን ውስጥ ያለች ደረጃ አለች፤ ይህችኛይቱ ከድንጋዩ ትከፋለች። ጉዳት ያለበት ልጅ በተወለደ ጊዜ «የማን ኃጢአት ነው? ማን ረገመን?» የሚል ሐሜት በየጓዳው ይነሣል፤ ወላጆችም ከሰው ዓይን ለመሸሽ ልጃቸውን በውስጥ ክፍል ይሸሽጉታል። እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋበታል፤ ሰርግ ሲሆን ለጠባቂ ይሰጣል። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጥያቄ ጠይቀው ነበር፤ ጌታችንም የእርሱ ወይም የወላጆቹ ኃጢአት እንዳይደለ አስረድቷቸዋል። መልሱ ከተሰጠ ወደ ሁለት ሺሕ ዓመት ተጠግቷል፤ ጥያቄውን ግን እኛ እስከ ዛሬ አልተውነውም።

ልጃቸውን ያልሸሸጉ ቤተ ሰቦች ያፈሩትን ፍሬ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በወሎ የተወለዱት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸውን አጡ፤ ነገር ግን ወደ ትምህርት ቤት ተላኩ። በሻሸመኔ በዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ባደረጉት ተጋድሎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ከእሳቸውም አስቀድሞ ዓይነ ሥውራን ራሳቸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቁመው ድምፃቸውን ማሰማት ጀምረው ነበር።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ደነገገ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ደግሞ፣ ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ ለመውጣት ለማይችሉት የሚስማማ መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ እንዲሆን አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቍጥር 676 አጸደቀች። እንግዲህ ደረጃ ብቻ ያለው መሥሪያ ቤት ባየን ጊዜ በጨዋነት ሕጉን ማሳሰብ መብታችን ነው፤ ግዴታችንም ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ደረጃን አያፈርስም፤ ደረጃን የሚያፈርስ ያው የሠራው እጅ ነው።

«ይህ የጥቂቶች ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። የዓለም የጤና ድርጅት ግን ከዓለም ሕዝብ ከስድስቱ አንዱ፣ ይኸውም 1.3 ቢሊዮን የሚያህል ሰው፣ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለበት መሆኑን ገልጿል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዳችን ወደ እርጅና እንሄዳለን። ዛሬ ሦስት ሦስት ደረጃ እየዘለለ የሚወጣ ጐልማሳ፣ ዕድሜ ከሰጠው፣ ጕልበቱን ይዞ አንድ አንድ የሚወጣበት ቀን ይመጣል። በረጅም ፎቅ የሚኖሩ ሽማግሌ እናት መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ በቆመ ቀን ከቤታቸው ታሰሩ ማለት ነው፤ በዚያን ቀን ማን ዳቦ ይግዛላቸው? ማንስ ወደ ሐኪም ያውርዳቸው? ይህን አስቀድሞ ያልተማከረ የጋራ ሕንፃ ማኅበር ዛሬውኑ ይማከርበት።

አሁን ወደ ሱቋ እንመለስ። የጎረቤቴን ቃል ለባለ ሱቁ በነገርሁት ጊዜ እጅግ አዘነ፤ በሳምንቱም ማንንም ሳይጠይቅ በደረጃዋ ላይ በሲሚንቶ ተዳፋት አስደረገ። ጋሼም መጡና ወደ ላይ ሲገፉ የወንበሩ የፊት ጎማ ከመሬት ተነሣ፤ ወደ ኋላ ሊገለበጡ ሲሉ አንድ ወጣት ደርሶ ያዛቸው። ተዳፋቱ ግማሽ ሜትር ብቻ ስለ ነበረ ከደረጃው ይልቅ የሚያስፈራ ሆኖ ነበር። ባለ ሱቁ ደንግጦ፣ «ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው ያሠራሁት» አላቸው። እሳቸውም እየሳቁ፣ «ለእኔ ብለህ እኔን ሳትጠይቀኝ!» አሉት።

ከዚህ በኋላ ግንበኛው ተጠራ፤ ጋሼም መለኪያውን ራሳቸው ነገሩት። መለኪያውም ቀላል ነው፤ ለአንድ እጅ ከፍታ ዐሥራ ሁለት እጅ ርዝመት ያስፈልጋል። ስለዚህ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላላት ደረጃ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያሻል። ርዝመቱ የሰውን መንገድ እንዳይዘጋ ተዳፋቱን ከሱቋ ግድግዳ ጋራ ጎን ለጎን አስኬዱት፤ ከበሩም ፊት ወንበሩ የሚዞርበት፣ በየአቅጣጫው 1 ሜትር ከግማሽ የሆነ ሜዳ ተዉለት። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጫሩት፤ ሊሾ ሆኖ በዝናብ ቀን እንዳያንሸራትት ነው። በሩም ወንበሩን እንዲያሳልፍ 90 ሳንቲ ሜትር ተደረገ። ወጪውን ባለ ሱቁ ሲያሰላው ያሰበውን ያህል አልከበደውም፤ ከሁሉ የከበደው በመጀመሪያ ሳይጠይቅ ያባከነው ሲሚንቶ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ገብተው ሁለት ዳቦ አነሡ፤ አንዱን መለሱት፤ ሌላ መረጡ፤ ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ። ከዚህ በቀር የሆነ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ ተዳፋት የሚወጣውን እየቈጠርሁ አያለሁ፤ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት፣ የዱቄት ጆንያ በጋሪ የሚያመጣ ወዛደር፣ ጕልበታቸውን የሚያማቸው ባልቴት። ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራው መንገድ የሰፈሩ ሁሉ መንገድ ሆነ።

እንግዲህ በየቤታችን ልናደርገው የሚገባንን ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ባለቤቱን እንጠይቅ። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠውን ሰው ሳናስፈቅድ አንግፋው፤ ወንበሩ እንደ አካሉ ነውና። ልናነጋግረውም ስንሻ ዝቅ ብለን ወይም ተቀምጠን ዓይን ለዓይን እንተያይ፤ እርሱን ትተን አብሮት ያለውን ሰው «ምን ይፈልጋል?» ብለን አንጠይቅ። ዓይነ ሥውር ባገኘን ጊዜ አስቀድመን ስማችንን እንናገር፤ መንገድ ልንመራውም ስንሻ እጁን ይዘን አንጎትት፤ ክርናችንን እንስጠውና እርሱ ይያዘን። ከእርሱም ስንለይ መሄዳችንን እንንገረው፤ ለባዶ አየር ሲናገር የቀረ ሰው ኀፍረቱ ብዙ ነው። በቤት ውስጥ ወንበሩንና ሳጥኑን ከለመደበት ስፍራ አናዛውርበት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከተማችን በተሠሩት የኮሪደር መንገዶች በብዙ ስፍራ በእግርና በበትር የሚዳሰስ ሸካራ መስመር ተነጥፏል፤ በዚያ መስመር ላይ መኪና የሚያቆም ወይም ሸቀጥ የሚዘረጋ ሰው በዓይነ ሥውሩ ፊት ዕንቅፋት አኖረ፤ ይህንም የኦሪት ሕግ አጥብቆ ከልክሏል።

መስማት ለተሳነው ሰው መጮኽ አይጠቅምም፤ ይልቁን ብርሃን ባለበት ፊት ለፊት ቆመን፣ አፋችንን በእጃችን ሳንከድን ቀስ ብለን እንናገር፤ ካልሆነም እንጻፍለት። ልጃችን መስማት ካልቻለ እርሱን ብቻ ወደ ትምህርት ቤት መላክ አይበቃም፤ አባትም እናትም ወንድምም እኅትም የምልክት ቋንቋውን ይማሩ። በማዕድ ዙሪያ ቤተ ሰቡ ሲስቅ ለምን እንደሚስቅ ያላወቀ ልጅ፣ እንጀራው በፊቱ ቢቀርብለትም ከደጅ እንዳለ ይቈጠራል።

ለሰበካ ጉባኤ አባላትም አንድ ልመና አለኝ። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ከመሬት ከፍ ብለው በደረጃ የተከበቡ ናቸው። ከበሮቹ በአንዱ በኩል እንኳ በልኩ የተሠራ ተዳፋት ይኑር፤ መቆም ለማይችሉት መቀመጫ ይዘጋጅ፤ ስብከትም በሚሰጥበት ጊዜ ምልክት የሚያውቅ አስተርጓሚ ከፊት ይቁም። በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ዮሐንስ እጅ የተፈወሰው ሰው በየቀኑ ተሸክመው መልካም በምትባለው የመቅደስ ደጅ ያስቀምጡት ነበር፤ በተፈወሰ ጊዜ ግን መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወደ መቅደስ መግባት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የተመኘው ሳንቲሙን ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ለዛሬው በዚሁ እናብቃ። ከመለያየታችን በፊት ግን እንደ መምህርነቴ ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። በመጪው ሰንበት ከቤታችሁ ደጃፍ እስከ አጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ልጆቻችሁ ደረጃውን ይቍጠሩ፤ ስንቱን በወንበር ያለ ሰው ሊያልፈው እንደሚችል ይጻፉ። ከዚያም በሰፈራችሁ የሚኖር አንድ አካል ጉዳተኛ ጎረቤታችሁን ለምሳ ጥሩ። ከመጥራታችሁ በፊት ግን የገዛ ደጃፋችሁን ለኩት።

እግዚአብሔር ደጃችንን ለመግቢያ፣ ማዕዳችንንም ለሁሉ የሚበቃ ያድርግልን። አሜን።